አንበሳ ለማሳየት ከመነሳትህ በፊት የእናትህን መታወቂያ እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። «ሦስት ልጆቼንና እናቴን ይዤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሄጄ አንበሳ ላሳያቸው አስቤያለሁ፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል ወይ?» ብለሃል። እኔም በሦስት ልጆችና በእናቴ ነው የሞከርኩት። ይሆናል። ግን እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነው አንድ ጊዜ የሆነልኝ፤ አንተ እንዳትደግመው የደረሰብኝን ልንገርህ።

1. ቀኑን ምረጥ። በክረምት ዕረፍት አትሂድ፣ ዝናቡ ልጆቹን ያንገላታቸዋል። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ይሻላል። ደግሞ ጃኬታቸውን የምትከትበት ቦርሳ ያዝ፤ የእኛ ብርድ የለመደ ልጅ አዲስ አበባ ገና ረፋዱ ላይ ሁሉንም አውልቆ ላንተ ነው የሚያሸክምህ።

2. ሰዓቱ ከሁሉ ይበልጣል። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚተኛ እንስሳ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከደረስክ ልጆችህ የሚያዩት የተጋደመ ጀርባ ብቻ ነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመናኸሪያ በመጀመሪያው መኪና ውጡ፣ ላምበረት ውረዱ፣ ከዚያ በመገናኛ አድርጋችሁ 4 ኪሎ። እኔን አባቴ በልጅነቴ የወሰደኝ 6 ኪሎ አንበሳ ግቢ ነበር፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ያቋቋሙት። ልጆቼን ግን የወሰድኳቸው አንድነት ፓርክ ነው፣ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ። ይህን የመረጥኩት ለእናቴ ብዬ ነው። እናቴ የአንጎለላ ልጅ ናት። ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ መሆኑን እየተነገራት ነው ያደገችው፤ ቤታቸውን ግን አይታው አታውቅም። ልጆቹ አንበሳ፣ እሷ የምኒልክን ቤት፣ ሁሉም በአንድ ግቢ።

3. መታወቂያ። የሁሉንም ሰው መታወቂያ ቀኑን ገልብጠህ እይ። የልጆቹንም የልደት ካርድ ኮፒ ያዝ። እኔ የራሴንና የባለቤቴን አየሁ፣ የእናቴን አላየሁም። 71 ዓመቷ ነው፣ እሷን ማን ይጠይቃታል ብዬ ነው። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ፈታሹ ልጅ የእናቴን አገላብጦ «ማዘር፣ ይሄ እኮ ካለፈበት ሁለት ዓመቱ ነው» አላት። ለመንኩት። ዕድሜዋን እያት አልኩት። ከኋላችን ያሉ ተሳፋሪዎችም ለመኑልን። አልሆነም። ሾፌሩ ደግሞ ጥሩምባውን ይነፋል። በቆምንበት ተከፈልን፤ ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ቀጠለ፣ እኔና እናቴ ተሻግረን የመልስ መኪና ጠበቅን።

ያ ጥበቃ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለልጆቹ ብላ ሁለት ቀን የደከመችበት ዳቦ ቆሎ በፌስታል ጉልበቷ ላይ ነበር። ስለ አንበሳውም ስለ ምኒልክ ቤትም አንድ ነገር አላነሳችም። «ልጆቹ ስንቃቸውን ሳይዙ ሄዱ» ብቻ ነው ያለችው። እነሱም በዚህ ግርግር ዘግይተው እኩለ ቀን ላይ ደርሰው የተኛ አንበሳ አይተው ተመለሱ። የስድስት ሰው ትራንስፖርትና የአንድ ወር ቁጠባ በዚያ ቀን አለቀ።

በማግስቱ ሰኞ መታወቂያ ለማሳደስ እናቴን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። መጀመሪያ ቀን «ፈራሚው ስብሰባ ነው»። ሁለተኛ ቀን «ፎቶው ላይ ጆሮ አይታይም፣ ሻሿን አውልቃ ትነሳ»። እሺ ብላ አውልቃ ተነሳች። ሦስተኛ ቀን «የቤተሰብ ቅጹ ፋይል ጠፍቷል»። ሦስቱንም ቀን ደረጃውን ጉልበቷን ይዛ ነው የወጣችው። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ የልጅ ልጇ የምትሆን፣ «ምን ያጣድፍሻል፣ በዚህ ዕድሜሽ የት ልትሄጂ ነው?» አለቻት። አንቺ ብላ! እናቴ ዝም አለች። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ቀጥታ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ የተመላለስንባቸውን ቀናት ከነሰዓታቸው በወረቀት ጽፌ አስቀመጥኩለት። ፋይሉ በግማሽ ሰዓት ተገኘ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ማን ምን እንዳለህ ጻፍ። ከሁለት ጉርድ ፎቶ ይልቅ አራት ያዝ፣ ጆሮ የሚታይበት። ለጉዞው አንድ ወር ሲቀርህ ጀምር። እናትህ ፋይዳ ካወጡ እሱንም ይያዙ።

በየካቲት እንደገና ሄድን፣ ስድስታችንም። በር እንደተከፈተ ገባን። ቤተ መንግሥት ስለሆነ ፍተሻው ጥብቅ ነው፣ ዕቃ አታብዛ። አንበሳው ቆሞ ነበር። የእኛ አገር አንበሳ ጎፈሬው ጥቁር ነው፤ በደረቱ ወርዶ እስከ ሆዱ ይደርሳል። የ6 ኪሎዎቹን 15 አንበሶች ዘረ መል የመረመሩ የውጭ ተመራማሪዎች ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው እንዳገኟቸው በ2005 ዓ.ም. ተዘግቦ ነበር፤ ይህን ለትልቁ ልጄ ስነግረው ከመስታወቱ ፊት አልነቀል አለ። ለጭላዳ ዝንጀሮ ግን ጊዜ አታባክን፤ ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማበር ምኒልክ መስኮት ላይ መንጋውን ታሳያቸዋለህ።

ምኒልክ ሕዝቡን ግብር ያበሉበት አዳራሽ ስንገባ እናቴ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ግድ የለም አልናት። ነጠላዋን አስተካክላ መሐሉ ላይ ቆመች፣ ጣሪያውን አየች፣ «ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ያበሉት እዚህ ነው?» አለች። ልጆቹ ወደ አንበሳው እንመለስ ብለው ሲጎትቷት እሷ ገና አልጨረሰችም ነበር። አዳራሹን ሳይቸኩሉ እንዲያዩ ለእናትህ ለብቻ ሰዓት መድብላቸው፤ አንድ ሰው ከእሳቸው ጋር ይቅር፣ ሌላው ልጆቹን ይያዝ።

ለመመለስ ላምበረት ከ10 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ሰልፉ ይረዝማል፣ ልጆቹም ይተኙብሃል። የእናትህን መታወቂያ ዛሬ ማታ አውጥተህ እየው። ካለፈበት እዚሁ ጻፍልኝ፣ ምን ምን ይዘህ እንደምትሄድ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።