ጎርፍ ሥራ ሲያስፈታ፦ ጥያቄና መልስ

ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰውን ጉዳት ድሬ (ድሬዳዋ) አልረሳችውም። ከድሬና ከሐረር ሠራተኞች የመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ከሳቢያን፦ ጎርፍ ፋብሪካውን ቢዘጋው መንግሥት የሥራ አጥ አበል ይከፍለኛል?

አይከፍልህም ወንድሜ። አገራችን የሥራ አጥነት መድን የላትም። የጡረታ መዋጮህም (ካንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) ለዚህ አይውልም። በድሬም በሐረርም ያለው የከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ ድጋፍ) የቤተሰቡን ድህነት ነው የሚያየው፤ ሥራ ማጣት ብቻውን አያስገባም። የሚያስጥልህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነው።

ከመጋላ፦ ጭቃ መጋዘኑን ሞላውና ስድስት ቀን ሳንሠራ ቀረን። ባለቤቱ «ላልሠራችሁበት አልከፍልም» አለን።

መክፈል አለበት። ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ከቆመ ደመወዙ አይቀርም፤ የአዋጁን አንቀጽ 54 አሳዩት። ደመወዝ የሚያቋርጠው እገዳ (ውሉ ሳይፈርስ ሥራው ለጊዜው መታገዱ) ሲሆን፣ ለዚያም ሥራው ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢያንስ 10 ተከታታይ ቀን መቋረጥ አለበት። አሠሪው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ቢሮውም በ3 የሥራ ቀን ይወስናል። ቢሮው ዝም ካለ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል! ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፤ ደብዳቤ ሲጠብቅ የ5 የሥራ ቀን የይግባኝ ጊዜው ያመልጠዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮ ሄዳችሁ ማመልከቻ መግባቱን ጠይቁ። እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም፤ ውሉም አይፈርስም። እገዳው ባበቃ ማግስት ባለው የሥራ ቀን ሥራ ላይ ተገኙ፤ በር ላይ ከመለሷችሁ ምስክር ይኑራችሁ።

ከሐረር፦ ድርጅቱ ጨርሶ ቢዘጋስ? 4 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ደመወዜ 6,000 ብር ነው።

እህቴ፣ የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፦ 6,000። ለቀጣዩ እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፦ 2,000 በ3፣ 6,000። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ድርጅቱ ለዘለቄታው ስለተዘጋ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል፦ 12,000። በድምሩ 24,000 ብር፣ ካልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ጋር። በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ካልተከፈለሽ 6 ወር ሳይሞላ ክሰሺ፤ ከዚያ በኋላ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል።

ከገንደ ቆሬ፦ የጽሑፍ ውል የለኝም።

መብትህን አያሳጣህም። ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ፣ የጡረታ መለያ ቁጥርህን፣ የሥራ መታወቂያህን ያዝ፤ አብረውህ የሠሩ ሁለት ምስክሮችም አዘጋጅ።