«ደመወዝ፦ በስምምነት» ማን ከማን ጋር ተስማማ?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ስናወጣ በደመወዝ ረድፍ ላይ «ማራኪ»፣ «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ብለን ነው የምንጽፈው። ሰሞኑን ግን አዲሷ ኃላፊያችን «ቁጥሩ ይጻፍ» ስላሉ «ጥቅል ደመወዝ 20,000 ብር» ብዬ አወጣሁ። የተመረጠው ተወዳዳሪ ውል ሊፈርም ሲመጣ «20,000ው እጄ የሚገባ መስሎኝ ነበር» ብሎ ተመለሰ። ስህተቱ የማን ነው? «በስምምነት»ስ ትክክለኛ አማርኛ ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። «በስምምነት» በሰዋስው በኩል እንከን አይወጣለትም። የሚያስቸግረው የተቀመጠበት ቦታ ነው። «ተስማማ» የወጣው «ሰማ» ከሚለው ግሥ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሰምቶ፣ ያም መልሶ ሲሰማ ተስማሙ ይባላል። እንግዲህ ስምምነት ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ የሚመጣውም ከንግግር በኋላ ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ ግን ገና ማንም ለማንም አልተናገረም። ከስምምነት የሚቀድመው ድርድር ስለሆነ፣ ክፍያው በእርግጥ የሚወያዩበት ከሆነ ቃሉ «በድርድር» ነው። ድርድር ደግሞ መነሻ ይፈልጋል፤ መርካቶ ውስጥ እንኳ ሻጩ ዋጋ ሳይጠራ ክርክር አይጀመርም። ድርጅትዎም በጀት ይዞ ነው ሰው የሚፈልገው፣ ቁጥሩ ቀድሞ አለ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያ አሠሪው መነሻ ደመወዙን ወይም ከስንት እስከ ስንት እንደሚከፍል ከደመወዝ ድርድሩ በፊት ለአመልካቹ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ አመልካቹን «እስካሁን ስንት ይከፈልህ ነበር?» ብሎ መጠየቅንም ይከለክላል። ድርድሩን ግን አልከለከለም፤ ዋጋው ቀድሞ ይጠራ ነው ያለው።

«ማራኪ» ብዙ አያቆየንም። «ማረከ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ምርኮኛውም ስንት እንደሚከፈለው አይነገረውም። «በስኬል መሠረት» የሚለው ስኬሉን ለሚያውቅ ብቻ መልስ ይሆናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ደረጃውን ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ብሩንም በጎኑ ያስቀምጣል፤ የግል ድርጅት ስኬል ግን መሳቢያ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ደረጃና እርከንም ይምታታሉ። ደረጃ የሥራ መደቡ ነው፣ እርከን ደግሞ በዚያው ደረጃ ውስጥ ሠራተኛው ከመነሻው ወደ ላይ የሚራመድበት፣ ልክ እንደ ተዳፋት እርሻ እርከን።

አሁን ወደ ጠባችሁ። ተወዳዳሪው አልተሳሳተም፣ እርስዎም አላታለሉም፤ ያጣላችሁ «ጥቅል» የሚለው ቃል ነው። የሒሳብ ክፍል ሰው ሲሰማው ግብርና ጡረታ ያልተነሣለት ደመወዝ ነው። ሌላው ሲሰማው የቤቱም የትራንስፖርቱም አበል ተጨምሮ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «በቃ፣ ይህንን ይሰጡኛል» ብሎ ይረዳዋል። ቃሉ «ጠቀለለ» ከሚለው የመጣ በመሆኑ ካልተፈታ ውስጡ አይታይም።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልዎ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ወርኃዊ ደመወዝ ከ14,000 ብር ሲያልፍ በ35 በመቶ ይባዛና 2,050 ብር ይቀነስለታል። በ20,000 ብር ላይ ግብሩ 4,950 ብር መጣ። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር ነው። እጁ የሚገባው 13,650 ብር ሆነ። ሰውየው እንዳሰበው 20,000 ብር እጁ እንዲገባ ከተፈለገ ደግሞ ውሉ ላይ 30,948 ብር ገደማ መጻፍ ነበረበት። በአንድ ቃል ምክንያት 11,000 ብር የሚጠጋ ልዩነት!

ስለዚህ ግብርና ጡረታ ያልተነሣለትን «ያልተጣራ»፣ እጅ የሚገባውን «የተጣራ» ይበሉት። ማስታወቂያ ጸሐፊዎች «ያልተጣራ»ን የሚሸሹት ጆሮ ላይ ስለማያምር ይመስለኛል፤ ጉሽ ጠላ ያስታውሳል። ቢሆንም ከሦስት ትርጉም አንድ ትርጉም ይሻላል። ቢሮ ውስጥ «ግሮስ»ና «ኔት» ማለት የተለመደ ነው፣ ለመግባባት ይበቃል፤ ለሕዝብ የሚወጣ ጽሑፍ ላይ ግን ሁሉም ሰው የሒሳብ ሠራተኛ አይደለም።

አበሉንም ከደመወዙ ይለዩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ደመወዝን ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ በመደበኛነት የሚከፈለው ብሎ ይተረጉመውና፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንንና ደንበኞች የሚከፍሉትን የአገልግሎት ክፍያ ከዚያ ያወጣቸዋል። በሕጉ ቋንቋ «20,000 ደመወዝ» ማለትና «12,000 ደመወዝ፣ 8,000 አበል» ማለት አንድ አይደለም። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ በመጀመሪያው 2,200፣ በሁለተኛው 1,320 ብር ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚሰላው ከደመወዙ ላይ ነው። «መሠረታዊ ደመወዝ» የሚባለው ይኸው አበል ያልገባበት ነው። «መነሻ ደመወዝ» ሌላ ነው፤ የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ነው። ብዙ ማስታወቂያ አንዱን በአንዱ ቦታ ይጽፈዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስላልጠየቁኝ ይቅርታ። ለደመወዝ መወሰን አማርኛ የራሱ ግሥ አለው፦ ቆረጠ። «ስንት ቆረጡልህ?» ሲባል ስንት ወሰኑልህ ማለት ነው። ለዘመድ በየወሩ የሚላከውም «ተቆራጭ» ይባላል። ግን ይጠንቀቁ፦ «ተቆረጠለት» ተወሰነለት ነው፣ «ተቆረጠበት» ተቀነሰበት ነው። በመሃል ያለው «ለ» ወይም «በ» ብቻ ነው። «ከደመወዙ ላይ የሚቆረጥ» እና «ደመወዙ የሚቆረጥ» የሚሉትን ተቀራርበው በአንድ ማስታወቂያ ላይ ካገኟቸው፣ ለቅነሳው «የሚቀነስ»ን ተክተው ይገላገሉ።

የእርስዎ ማስታወቂያ እንዲህ ቢጻፍ ጠብ አያስነሣም ነበር፦ «መሠረታዊ ደመወዝ፦ በወር ከ18,000 ብር እስከ 24,000 ብር፣ ያልተጣራ። የትራንስፖርት አበል፦ በወር 2,000 ብር፣ ለብቻው የሚከፈል። ትክክለኛው መጠን በሥራ ልምድ፣ በድርድር ይቆረጣል።» «ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች» የሚለውን ሐረግ ወይ ይዘርዝሩት ወይ ይሰርዙት። «እስከ 24,000 ብር» ብሎ ጣሪያውን ብቻ መስቀልም ይቅር፤ «እስከ» ያለ «ከ» 5,000ንም ይጨምራል።

የማመልከቻ ቅጻችሁ ላይ «የሚጠበቅ ደመወዝ» የሚል ረድፍ ካለ እሱንም ይለውጡት። ጠባቂው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ድርጅቱ ይጠብቀዋል? አመልካቹ? «የሚጠይቁት ደመወዝ (ያልተጣራ፣ በወር)» ማለት ይበቃል። ቁጥሩንም ሁለቱም ጫፍ ላይ ሙሉ አድርገው ይጻፉት። «ከ18 እስከ 24,000 ብር» ሲነገር «ሺ»ው ለሁለቱም እንደሆነ ይገባል፤ ወረቀት ላይ ግን የመጀመሪያው 18 ብር ነው።