የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በሚገኝ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ በመረጃ ሠራተኝነት አገለግላለሁ። ከባሶና ወራና፣ ከአንኮበርና ከጣርማ በር አባላት የተረከብነውን ገብስ የሚያሳይ ከ400 ሺህ በላይ ረድፍ ያለው የኤክሴል መዝገብ ፖስትግሬስ ወደተባለው ዳታቤዝ ለማዛወር፣ እያንዳንዱን ረድፍ በኢንሰርት (አዲስ ረድፍ ማስገቢያ ትእዛዝ) የሚያስገባ ፕሮግራም ጻፍሁ። ሦስት ሰዓት ያህል እንደ ሠራ መብራት ጠፋ፤ ከገቡትም ስሞች አብዛኞቹ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ምን ባደርግ ይሻለኛል? ለየወረዳው መልሼ ለማውጣትስ?

መልስ፦ የፕሮግራምዎ መዘግየት ምክንያቱ፣ እያንዳንዱ ኢንሰርት ራሱን የቻለ ግብይት (ትራንዛክሽን፣ ማለትም በአንድነት የሚጸድቅ ወይም የሚሰረዝ ሥራ) ሆኖ ሰርቨሩ በየረድፉ ዲስክ ላይ መጻፉን እስኪያረጋግጥ ድረስ ስለሚጠብቅ ነው። በዚሁ ጠባይ የተነሳ መብራት ሲጠፋ እስከዚያ የጸደቀው ሁሉ በሰንጠረዡ ውስጥ ይቀራል። ኮፒ የተባለው ትእዛዝ ግን ፋይሉን በአንድ ግብይት ስለሚያስገባ ወይ ሁሉም ይገባል፣ ወይም አንዱም አይገባም። ፋይሉ በሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ በፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ ትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም) ውስጥ ከፊቱ ወደ ኋላ ያጋደለ እዝባር ያለበትን ኮፒ ይጠቀሙ።

የጥያቄ ምልክቶቹ የዳታቤዙ ጥፋት አይመስሉኝም። ኤክሴል መዝገቡን በተራው ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ሲያስቀምጥ ፊደላችን በማይገኝበት የዊንዶውስ የፊደል ሰሌዳ ስለሚጽፍ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ ከዚያ ፋይል ስሙን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ዋናውን የኤክሴል ፋይል ከፍተው ፊደላችንን በሚይዘው «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚለው ዓይነት እንደገና ያስቀምጡት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ርክክቡ በእኛ አቆጣጠር የተመዘገበ ከሆነ፣ ቀን የሚቀድምበትን አቀራረብ ቢያስተካክሉም እንኳ ጥቅምት 30 ቀን 2015 በ30/2/2015 ሲጻፍ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ዳታቤዙ አይቀበለውም፤ የጳጉሜን 13ኛ ወርም እንዲሁ። እነዚህ ስሕተታቸውን ራሳቸው ስለሚናገሩ አልሰጋቸውም። ኅዳር 5 ቀን 2015 ግን በ5/3/2015 ተጽፎ ያለ አንዳች ቅሬታ ማርች 5 ቀን 2015 ሆኖ ይገባል፤ እውነተኛው ቀን ኖቬምበር 14 ቀን 2022 ስለሆነ ከ7 ዓመት በላይ ተዛብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ በቀጥታ ወደ ዋናው ሰንጠረዥ አያስገቡ። ዓምዶቹ ሁሉ ጽሑፍ የሆኑ አንድ ማረፊያ ሰንጠረዥ አበጅተው ፋይሉን እንዳለ ወደዚያ ይቅዱት። ቀኑን ለመለወጥ ከዓመቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ይደምሩ፤ ከወሩ 1 ቀንሰው በ30 ያባዙና ይጨምሩ፤ ከቀኑም 1 ቀንሰው ይደምሩ፤ በመጨረሻ 1724221 ይጨምሩበት። የሚያገኙት የጁልያን ቀን ቁጥር (ከጥንት ከተወሰነ ቀን ጀምሮ ቀናትን በተከታታይ የሚቆጥር) ሲሆን ፖስትግሬስ ወደ ተራ ቀን ይለውጠዋል። ለመፈተሽ መስከረም 1 ቀን 2000ን ያስሉ፤ 2454356 ማለትም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ሊሰጥዎ ይገባል።

ስልክ ቁጥርን በዋናውም ሰንጠረዥ ጽሑፍ አድርገው ይተዉት፤ ቁጥር ከሆነ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። ስሞችንም እዚያው ማረፊያ ላይ ያመሳክሩ፤ ለእኛ ዓለሙና አለሙ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ለዳታቤዙ ግን ሁለት ናቸው። (ይህን ማሽን ብቻውን አይፈታውም፤ የቀበሌ ጸሐፊ ሳይጠየቅ ሁለቱን አንድ ማድረግ የሰው ገብስ ለሌላ ሰው መስጠት ነው።) የተጣራውን ወደ ዋናው ያዛውሩ፤ ኢንዴክሶቹን (ፍለጋን የሚያፋጥኑትን ማውጫዎች) ከዚያ በኋላ ቢሠሩ ይፈጥናል።

ለማውጣትም ያው ኮፒ ይበቃል፤ በሰንጠረዡ ስም ፈንታ ወረዳውን የሚለይ የሴሌክት (መረጃ መምረጫ ትእዛዝ) ጥያቄ በቅንፍ ሊሰጡት ይችላሉ። የወረዳ ባለሙያዎች ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው ሲከፍቱ ፊደሉ ሊበላሽባቸው ስለሚችል፣ በኤክሴል የዳታ ዝርዝር በኩል ዩቲኤፍ-8 መርጠው እንዲያስገቡት ከፋይሉ ጋር አንድ መስመር ጽፈው ይላኩላቸው።