የአንባቢያን ጥያቄ፦ መገናኛ ሬድዮ በፎር ዊል መኪና ላይ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ መኪና መገናኛ ሬድዮ አገጣጠም የሚያነሱትን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ሬድዮውን ይከሳሉ። ጥፋቱ የሬድዮው ሆኖ ያገኘንበት ደብዳቤ ግን አንድም የለም።

ጥያቄ፦ ባለ 50 ዋት ቪኤችኤፍ (ለቅርብ ርቀት የሚያገለግል) ሬድዮ ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ሰክቼ እጠቀማለሁ። ሌሎች ሲያወሩ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እኔ ለመናገር የማይኩን ቁልፍ ስጫን ግን ስክሪኑ ይደበዝዝና ሬድዮው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። አስፈትሼው “ምንም የለበትም” ብለው መለሱልኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የፈተሹት ሰዎች ልክ ናቸው፤ ሬድዮዎ ተርቦ እንጂ ታሞ አይደለም። ሲያዳምጥ የሚስበው ግማሽ አምፔር ገደማ ነው። ቁልፉ ሲጫን ግን ከ10 እስከ 12 አምፔር ይጠይቃል። የመለኮሻው ሽቦ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ፊውዙም አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ሆኖ ከሌላ ዕቃ ጋር የሚጋሩት ነው። ሶኬቱ ውስጥ ያለው ስፕሪንግም ፒስታ መንገድ ላይ እየተነቀነቀ ይላላል።

በግምት ከመሄድ በቴስተር ያረጋግጡ። ሞተሩን ያስነሱ፤ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ረዘም ያለ ሽቦ ቀጥለው ሬድዮው ጀርባ ባለው ፖዘቲቭ ላይ ያሳርፉ። አንድ ሰው ቁልፉን ሲጫን የሚያነቡት ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ኔጋቲቩንም እንዲሁ ይለኩ። ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ ቮልት ብዙ ካለፉ ሽቦው አልበቃም፤ ወይም መጋጠሚያው ተበላሽቷል። የትኛው ወገን እንደሆነም ቁጥሩ ራሱ ይነግርዎታል።

መፍትሔው ከባትሪው በቀጥታ አዲስ ሽቦ መሳብ ነው። ከባትሪ እስከ ሬድዮ 4 ሜትር ከሆነ ኃይሉ ደርሶ መልስ 8 ሜትር ይጓዛል። በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 12 አምፔር ሲያልፍ 1.1 ቮልት ገደማ ይጠፋል። በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ግን 0.4 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ 4 ይውሰዱ። ባለ 100 ዋት ኤችኤፍ (ለረጅም ርቀት የሚያገለግል ሬድዮ) የሚገጥም ሰው ከ20 አምፔር በላይ ስለሚስብ ከ6 አይውረድ፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ 10 ያድርገው።

ፊውዙ (ለእርስዎ 15 አምፔር) ከባትሪው ምሰሶ በ15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጥ። ብዙ ሰው ሬድዮው አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ያ ስህተት ነው። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም፤ እሳት ነው።

ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ በፋብሪካው ጎሚኒ (ቀዳዳውን በሚያለብሰው የጎማ ቀለበት) በኩል ያሾልኩት። አዲስ ቀዳዳ የግድ ከሆነ በትራፓኖ ከመብሳትዎ በፊት ከጀርባ የፍሬን ቱቦ ወይም የሽቦ ጥቅል አለመኖሩን በእጅዎ ዳስሰው ይወቁ። የቀዳዳውን ጠርዝ በፋይል ያለስልሱና ጎሚኒ ያልብሱት። ባዶ የቆርቆሮ ጠርዝ በጥቂት ወራት ንዝረት የሽቦውን ልባስ እንደ መጋዝ ይገዘግዘዋል። ከማርሚታውና ከጭስ ማውጫው ቱቦ ያርቁት፤ ፊውዙን ደግሞ ሁሉም ነገር ታስሮ ካለቀ በኋላ ብቻ ይክተቱ።

ኔጋቲቩን እስከ ባትሪው ከወሰዱት እሱም ፊውዝ ያስፈልገዋል። የሞተሩ የማሳ ገመድ (ሞተሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኘው) አንድ ቀን ቢላላ ሞተሪኖው የሚስበው ኃይል መመለሻ ሲያጣ በአንቴናው ኬብልና በሬድዮው ኔጋቲቭ ሽቦ በኩል ለመመለስ ይሞክራል፤ ሬድዮውም ይቃጠላል። በአዳዲስ መኪኖች የባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ ትንሽ ሴንሰር ካዩ ግን ምሰሶውን አይንኩት። ከሴንሰሩ ወዲያ፣ የፋብሪካው ማሳ አካሉ ላይ ከታሰረበት ቡሎን ጋር ይሰሩት። አለበለዚያ የባትሪው ኮምፒዩተር ሬድዮው የወሰደውን አይቆጥርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከባትሪ በቀጥታ የተሳበ ሬድዮ በመኪናው ቁልፍ አይጠፋም። ተረስቶ ቢያድር ባይነገርበት እንኳ በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ያህል ይበላል። የምትረሱ ከሆነ በቁልፉ የሚሠራ ሪሌ (ኃይሉን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሁለት ባትሪ ያለው ባለ 24 ቮልት ነው። ባለሙያው ለሬድዮው 12 ቮልት ከአንዱ ባትሪ ብቻ ወሰደ። ጥሩ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን አንደኛው ባትሪ ሞተ፣ ሁለተኛው ደግሞ ውሃው ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ በቀጥታ። ሁለቱ ባትሪዎች ተከታትለው የታሰሩ ስለሆኑ ከዲናሞው የሚመጣው ቻርጅ በሁለቱም እኩል ያልፋል። ሬድዮው የሚበላው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። የተበላው ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። ያልተነካው ደግሞ ከሞላ በኋላም እየተሞላ ይፈላል፤ ውሃውን የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር ይግጠሙ። ለባለ 50 ዋት ሬድዮ ያለማቋረጥ 20 አምፔር የሚሰጥ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ የሚችለው ብቻ ስለሆነ፣ በትንሹ የተጻፈውን የዘላቂውን ያንብቡ። መግቢያው ላይ 15 አምፔር ፊውዝ፣ ማቀፊያው ብረት፣ ቦታው አየር የሚያገኝ ይሁን። የአንቴናው ኬብል አጠገቡ አይለፍ፤ ኮንቨርተር ራሱ ጫጫታ ያመነጫል። ባትሪዎቹን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይለውጡ፤ አዲስና አሮጌ አብረው አይዘልቁም።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ሁለት ባትሪ ማለት ሁልጊዜ 24 ቮልት አይደለም። ጎን ለጎን ታስረው 12 የሚሰጡም አሉና ሳትለኩ ምንም አትግዙ።

ጥያቄ፦ አንቴናዬ ከፊት ባለው መከላከያ ብረት ላይ ነው። ኤስደብልዩአሩ (ወደ አንቴናው ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚያሳየው ልኬት) 2.8 ያነባል። አንቴና ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሬድዮውን ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦ አንቴና መቀየሩ ያልረዳው ግማሹን ብቻ ስለቀየሩ ነው። ሌላው ግማሽ የመኪናው አካል ነው። ዘንጉ የሚሠራው ከሥሩ ሰፊ ብረት ሲያገኝ ነው፤ መከላከያው ደግሞ ቀለም ተቀብቷል፣ ምናልባትም በጎሚኒ ላይ ተቀምጦ ከአካሉ ተለያይቷል። ኬብሉን ከሬድዮው ይንቀሉ፤ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው ከአንቴናው መቀመጫ ብረት እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ይለኩ። ከ1 ኦም በታች ካልሆነ ማሳ የለዎትም።

መቀመጫው የሚያርፍበትን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁ፤ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያስገቡ፤ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ እንዳይዝግ ዙሪያውን ግሪስ ይቀቡት። ከመከላከያው ወደ ሻንሲው ጠፍጣፋ የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ያገናኙ፤ አጭር ይሁን። ለሬድዮ ሞገድ ረጅም ቀጭን ሽቦ ማሳ አይባልም፤ ቴስተሩ ዜሮ ቢያነብም።

ከዚያ ርዝመቱ። ሩብ ሞገድ ማለት 75 ለሜጋኸርዝ ሲካፈል የሚገኘው ሜትር ነው። ለ150 ሜጋኸርዝ 50 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ በተግባር 47 ወይም 48 ላይ ያርፋል። የሚቆረጠው ፈቃድዎ ላይ ለተጻፈው ፍሪኩዌንሲ ነውና መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ። መኪናውን ከሕንፃና ከዛፍ አርቀው፣ በሮቹንና ኮፈኑን ዘግተው፣ ሬድዮውን ዝቅተኛ ኃይል ላይ አድርገው በዝቅተኛው፣ በመካከለኛውና በከፍተኛው ቻናል ይለኩ። ዝቅተኛው ላይ የተሻለ ከሆነ ዘንጉ ረዝሟል፤ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር እየቆረጡ መልሰው ይለኩ። ከፍተኛው ላይ የተሻለ ከሆነ አጥሯል፤ የተቆረጠ ዘንግ ደግሞ አይመለስም። ሦስቱም ላይ እኩል መጥፎ ከሆነ መቁረጡን ይተዉት፤ ችግሩ ማሳ፣ ኬብል ወይም ማገናኛ ነው።

2.8 ማለት ከሚላከው ኃይል 22 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ብዙዎቹ ዘመናዊ ሬድዮዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፤ ቢሆንም ረጅም ንግግር አይናገሩበት። 1.5 ሲደርስ የሚመለሰው 4 በመቶ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ያቁሙ። ከዚያ በታች ለማውረድ መድከም ሰሚው የማያስተውለው ነገር ነው።

ኬብሉ ባለ 50 ኦም ይሁን፤ የቴሌቪዥኑ 75 ነው። ፒኤል 259 ማገናኛው ውስጥ ከኬብሉ የውጭ ሽቦ መረብ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር የመሃሉን ሽቦ ከነካች ሁሉም ነገር ሾርት ነው፤ ስታኞ ከማቅለጥዎ በፊት በመብራት ይዩት። በር የሚጨፈልቀው ኬብል ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ ይበላሻል። ውሃም በመረቡ ውስጥ ሜትሮችን ይጓዛል፤ ተራ ናስትሮ አያቆመውምና እርስ በርሱ የሚዋሃደውን የጎማ ናስትሮ ይጠቀሙ።

ምርጫ ካለዎት ደግሞ የጣሪያው መሃል ከሁሉም ይበልጣል። ፖርቶ መጋላ ያለው ሰው አንቴናውን ጄሪካንና ትርፍ ጎማ ከሚጫንበት ያርቀው፤ ባዶ ሆኖ የተስተካከለው ጭነት ሲመጣ ይበላሻል። ማግኔት መቀመጫ በአሉሚኒየም ጣሪያ ላይ አይይዝም።

ጥያቄ፦ ሞተር ሲነሳ ስፒከሩ ውስጥ ፉጨት ይሰማል፤ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር እየቀጠነ ይወጣል። የሚሰሙኝም ሰዎች “ድምፅህ ውስጥ ያፏጫል” ይሉኛል። ፊልተር ልግዛ?

መልስ፦ ገና ነው። ከሞተሩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት የዲናሞ ነው፤ ሰሚዎችዎም ስለሚሰሙት የገባው በኃይል ሽቦው ነው። ሁለቱንም ሽቦ ከባትሪ መሳብዎን፣ ማሳው መፋቁን ያረጋግጡ። ከዚያ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ምሰሶዎች ይለኩ። ከግማሽ ቮልት ካለፈ የዲናሞው ዳዮድ ያጠራጥራል፤ ፊልተር በሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም።

የሚንጫጫ ወይም የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ላለባቸው፣ በተለይ ለኤችኤፍ ተጠቃሚዎች፣ ፈተናው ሌላ ነው፦ አንቴናውን ይንቀሉና ያዳምጡ (ቁልፉን እንዳይጫኑ)። ድምፁ ከጠፋ በአንቴናው በኩል የገባ ነው። የስልክ ቻርጀሩን፣ የኤልኢዲ መብራቱን፣ የዳሽቦርድ ካሜራውን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ርካሽ ቻርጀር ከቤንዚን ሞተር ካንዴላ ይልቅ ይጮሃል። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ኮፈኑንና የማርሚታውን ቱቦ በተጎነጎነ ገመድ ከአካሉ ጋር ማሰርም ብዙ ይረዳል።

ጥያቄ፦ የሬድዮውን ሳጥን የት ልሰር? ወንበር ሥር ወይስ ዳሽቦርዱ ላይ?

መልስ፦ ኤርባግ የሚፈነዳበት አቅጣጫ ላይ ምንም አይሰቀል፤ የአንቴናውን ኬብልም የመጋረጃ ኤርባግ ባለበት የጎን ምሰሶ አያሳልፉት። ወንበር ሥር አቧራ አለ፤ ወንዝ ሲሻገሩም መጀመሪያ የሚረጥበው እሱ ነው። የፊቱ ገጽ ተነጥሎ በኬብል የሚቀጠል ከሆነ ሳጥኑን ከፍ ብሎ ከኋላ፣ ገጹን ከፊት ያድርጉ። ሙቀት ከሚነፋው ቀዳዳ ፊት አይሁን፤ ሲያወሩ የሳጥኑ ጀርባ በራሱ ይግላል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ልክ ነው፤ ግን “የቃልህ መጀመሪያ ይቆረጣል” ይሉኛል።

መልስ፦ ቁልፉን ይጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይናገሩ። በተለይ በሪፒተር (ድምፅዎን ተቀብሎ መልሶ በሚያስተላልፍ ጣቢያ) በኩል ሲያወሩ እሱም ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። ማይኩ ከአፍዎ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።