የጥራት ኃላፊ ተጠሪነቱ ለማን ይሁን? ለጠያቂያችን የተሰጠ መልስ

በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ የጥራት ኃላፊ ሆነው መመደብዎን ገልጸው፣ ሥራውን ሰነድ ከማዘጋጀት ይጀምሩ ወይስ ሠራተኞችን ከማሠልጠን ብለው ጠይቀዋል። ከሁለቱም የሚቀድመው ተጠሪነትዎ ለማን እንደሆነ በጽሑፍ ማስረገጥ ነው። እኛን ብዙ ዋጋ ያስከፈለን ይኸው በመሆኑ፣ የእርስዎም ሁኔታ ከዚህ የራቀ እንደማይሆን በማመን የደረሰብንን እነግርዎታለሁ።

1ኛ. የመዋቅር ሰንጠረዡን ይመርምሩ። እኔ የጥራት ኃላፊ ሆኜ በሠራሁበት ላቦራቶሪ መደቡ የተቀመጠው በክሊኒካል ኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ሥር ነበር፤ ስለዚህ የክፍሉን ጉድለት የሚመዘግበው ሰው ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚያው ክፍል አለቃ ነበር። አዲስ ሎት (የምርት ዙር) ካሊብሬተር፣ ማለትም የመሣሪያው ንባብ የሚስተካከልበት ፈሳሽ፣ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ ምርመራ) ኮንትሮል ውጤቶች፣ ማለትም መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ የመፈተሻ ናሙና ንባቦች፣ የየዕለቱ የኮንትሮል ውጤት በሚሰፍርበት በሌቪ ጄኒንግስ ቻርቱ ላይ ከአማካዩ መስመር በላይ ብቻ ይሰለፉ ጀመር። አንዳቸውም ከተቀመጠው ወሰን፣ ማለትም ከአማካዩ በ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የውጤቶች መራራቅ መለኪያ)፣ አላለፉም፤ ሆኖም 10 ተከታታይ ውጤቶች ከአማካዩ በአንድ ወገን ሲውሉ በዌስትጋርድ ሕግጋት (የኮንትሮል ውጤት መገምገሚያ ደንቦች) መሠረት የመሣሪያው ንባብ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበሉን ያመለክታልና ካሊብሬሽኑ መፈተሽ ነበረበት። ይህንኑ ጽፌ ባቀርብ «ከወሰኑ አልወጣም፤ ሥራ አታስተጓጉል» ተባልኩ፤ ሪፖርቱም መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ጉዳዩን ያስነሣው በመጨረሻ አንድ ሐኪም ነው፦ የታካሚው ሕመም ሳይባባስ ክሪያቲኒኑ ብቻ ለምን ከፍ አለ ሲል ደወለ። ኮንትሮሉ ትክክል ከነበረበት ቀን ወዲህ የተቀመጡ ናሙናዎችን እንደገና መርምረን፣ የተሳሳቱ ውጤቶችን አርመን፣ ለየሐኪሙ ማሳወቅ ግድ ሆነብን። የባከነው ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ይተካል፤ የሐኪሞቹ አመኔታ ግን እስኪመለስ ድረስ የምንልከውን ውጤት ሁሉ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት።

2ኛ. ጥራቱ አጠራጣሪ የሆነ ውጤት እንዳይወጣ የማገድ ሥልጣን በሥራ መዘርዝርዎ ውስጥ በግልጽ ይስፈር። ከክሪያቲኒኑ ጉዳይ በኋላ መዋቅሩ እንዲስተካከል ማመልከቻ ይዤ ወደ አስተዳደር ቢሮ ሄድኩ። የቢሮው ኃላፊ ተቀመጥ እንኳ ሳይሉኝ «ወረቀት ለሚያገላብጥ ሰው ሥልጣን ምን ያደርግለታል?» ብለው ማመልከቻውን መለሱልኝ። ይህ ንግግር ዛሬም ያሳዝነኛል፤ የታካሚ ሕይወት የተንጠለጠለበትን ሥራ ወረቀት ማገላበጥ ማለት አይገባም ነበር። እኔም የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ የሆነውን የአይኤስኦ 15189ን መስፈርት አያይዤ በቀጥታ ለላቦራቶሪው ዳይሬክተር አቀረብኩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው እትም የጥራት ኃላፊው ስለ ፖሊሲና ስለ ሀብት ለሚወስነው የላቦራቶሪ አመራር በቀጥታ ሪፖርት እንዲያደርግ ያዝ ነበር። ምናልባት የእርስዎ አለቆች «የ2022ቱ እትም የጥራት ኃላፊ የሚባል መደብ አያስገድድም» ብለው ይከራከሩዎት ይሆናል። አዲሱ እትም በመጠሪያው ላይ አለመጽናቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የጥራት ሥርዓቱን የሚያስፈጽሙ ሠራተኞች ሌላ ኃላፊነት ቢኖራቸውም እንኳ በቂ ሥልጣንና ሀብት እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ክርክሩን በዚህ ይርቱ። ዳይሬክተሩ አንብበው ፈረሙ። በቀጣዩ ኦዲት መርማሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ያንኑ ዳይሬክተሩ የፈረሙበትን ደብዳቤ ነበርና ሳቀርብላቸው የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

3ኛ. በሰንጠረዡ ላይ የሥራ መደብ እንጂ የሰው ስም አይጻፍ፤ ሠራተኛ በተለወጠ ቁጥር ሰነዱ ይሻራልና። ለእያንዳንዱ ቁልፍ መደብም ተተኪ ይሰየም።

ሰነድ ስለማዘጋጀት ለጠየቁት፦ ከሁሉ አስቀድመው የጉድለት አመዘጋገብና የእርምት መመሪያውን ይጻፉ። ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ የክፍል ኃላፊውን ፈቃድ ሳይጠብቅ መመዝገብ እንደሚችል፣ የሪፖርቱ አንድ ቅጂ በዚያው ቀን ለዳይሬክተሩ እንደሚደርስ፣ የእርምት እርምጃው ውጤት ማምጣቱ ሳይረጋገጥም መዝገቡ እንደማይዘጋ በውስጡ ያስፍሩ፤ ዳይሬክተሩም ይፈርሙበት።