ለወታደር ልጅ ቢላ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። ልጅሽ በሚቀጥለው ወር የአሜሪካ ጦር ሊገባ ነው፤ መታሰቢያ የሚሆነው ቢላ እስከ 250 ዶላር ብገዛ የትኛው ይሻላል ብለሻል። እኔ በዚሁ ነገር እጄን ስለተቃጠልኩ ተራ በተራ ልንገርሽ።

1. የሚሄድ ዕለት አትስጪው። ሌላውን ብትረሺ ይህችን ያዢልኝ። መሠረታዊ ሥልጠናው 10 ሳምንት ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰልጣኝ እጅ ላይ ስለት አይፈቀድም። ሪክሩተሩ፣ ማለት ለጦሩ የመለመለው ሰው፣ ለልጅሽ የሚሰጠው የዕቃ ዝርዝር አለ። አምጣው በይውና ራስሽ አንብቢው። እኔ አላነበብኩትም።

ለትልቁ ልጄ የገዛሁት ካባር የሚባለውን ነው። የማሪን ወታደሮች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የሚይዙት ጩቤ ነው፤ ስለቱ 7 ኢንች ይሆናል። አባቴ ወታደር ነበር፤ ያደግኩት ግድግዳው ላይ ሳንጃ በተሰቀለበት ቤት ነው። ልጄም ለልጁ የሚያሳየው ነገር ይኑረው ብዬ አሰብኩ። ከነቆዳ አፎቱና ከስም ማስቀረጫው 230 ዶላር ወጣብኝ። ዋዜማው ማታ ራት በልተን ስንጨርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። እናቴ ቢላ እጅ በእጅ አይቀባበሉም ትል ነበር፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ልጄ ከአፎቱ መዝዞ ስሙን በጣቱ ዳሰሰው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ምንም ሳይል ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ለካ ዝርዝሩን አንብቦታል። አባቴን በመጨረሻው ማታ አላሳዝነውም ብሎ ነው ዝም ያለው።

የሚሄዱት አንዲት ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው ነው። ጭነት ውስጥ የሚገባ ሻንጣ አልነበረውም። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ስለት በእጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፍተሻው ላይ አወጡበት። ሸኚ ቢኖር ይሰጠው ነበር፤ እኛ ግን ጠዋት ቃለ መሐላ ከገባ በኋላ እዚያው ተሰናብተነው ወደ ቤት ተመልሰናል። ጓደኞቹ አልፈው እየጠበቁት ነው። እዚያው ፍተሻው ጋ ያለው ሣጥን ውስጥ ጥሎት ሄደ።

ይህን የነገረኝ ሲመረቅ ነው። ቤት እንደተመለስኩ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ደወልኩ። ሦስት ሰው ቀያየረኝ። የመጨረሻዋ ሴትዮ “በፈቃዱ ትቶት የሄደ ዕቃ ነው” አለችኝ። በፈቃዱ! የ19 ዓመት ልጅ፣ ወረፋው ከኋላው እየገፋው። ላስረዳት ስል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ገንዘቡ አይደለም፤ ስሙ ያለበት ነገር የትም መጣሉ ነው።

2. ስሙን ለማስቀረጽ አትቸኩይ። ስም የተቀረጸበት ዕቃ ሱቁ መልሶ አይወስድም፤ ይኼ አንድ። ሁለተኛው ግን ለኔ ትልቁ ነው። እኔ ያስቀረጽኩት ልጄን የምጠራበትን ስም ነበር። ፎርት ጃክሰን፣ ሳውዝ ካሮላይና ለምረቃው ስንሄድ ግን ማንም በዚያ ስም አይጠራውም። አሜሪካ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ያልነው የአያቱን ስም ነው፤ ደረቱ ላይ የተሰፋውም እሱ ነው። አንዱ ሳጅን የአባቴን ስም ጮክ ብሎ ሲጣራ እኔ ነኝ ደንግጬ የዞርኩት። ልጄ “የስ ሳጅን!” ብሎ ቀጥ አለ። አባቴ አዲስ አበባ ካረፈ 11 ዓመቱ ነው። እዚያው ሰው መሃል አለቀስኩ።

እና በጠፋው ምትክ ሁለተኛውን ስገዛ የአባቴን ስም በአማርኛ ፊደል አስቀረጽኩበት። ለቀራጩ ፊደሉን በወረቀት ጽፈሽ ሳይሆን በኮምፒውተር ተይበሽ ስጪው፤ ቋንቋውን ስለማያውቀው ያየውን ነው የሚገለብጠው።

3. የሚገዛው ዓይነት። ትልልቁን ጩቤ ተይው። ወታደር ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ካርቶን መክፈት፣ ገመድ መቁረጥ፣ ብሎን ማጥበቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መቀስ አንድ ላይ የታጠፈበት ሌዘርማን ነው። እኔ ዌቭ የሚባለውን ገዛሁ፤ ስገዛው 120 ዶላር አካባቢ ነበር፣ 25 ዓመት ዋስትና አለው። ስለቱ 3 ኢንች አይሞላም። ይህን ልብ በይ፤ ብዙ ካምፖች ከ3 ኢንች በላይ የሆነ ስለት መኝታ ክፍል ውስጥ አይፈቅዱም። ካባሩ ደግሞ ዘይት ካልተቀባ የሚዝግ ብረት ነው፤ ሌዘርማኑ አያስቸግርም። ቁልፍ ሲጫኑት ተስፈንጥሮ የሚከፈተውን ሰንጢ ከነጭራሹ እንዳትነኪው። ዲሲ ውስጥ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው።

የሰጠሁት የሙያ ሥልጠናውንም ጨርሶ የጦር ክፍሉ ሲመደብ ነው። ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ይዞት ሄደ። አሁን የተሽከርካሪ ጥገና ላይ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ሲያወራኝ ቀበቶው ላይ አየሁት፤ ማኅደሩ በግራሶ ጠቁሯል። የሰው ሁሉ ፒንሳ ሲጠፋ ወደ እሱ ነው የሚመጡት አለኝ።

አሁን ሲሄድ ባዶ እጁን እንዳይሆንብሽ ካልሽ፣ ትንሽ መዝሙረ ዳዊት ስጪው፤ የሃይማኖት መጽሐፍ ይፈቀዳል። ፖስታና ቴምብርም ጨምሪለት። የቤታችሁን አድራሻና የሁላችሁንም ስልክ በእጅሽ ወረቀት ላይ ጻፊለት፤ ሞባይሉን ይሰበስቡበታል፣ የዛሬ ልጅ ደግሞ የእናቱን ቁጥር በቃሉ አያውቅም። ሌዘርማኑን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ አቆዪው። የጦር ክፍሉ ሲደርስ ስንት ኢንች እንደሚፈቀድ ራሱ አለቃውን ይጠይቅ፣ ከዚያ ትሰጪዋለሽ።