በወሲብና በአንጎል ላይ ጥናት ለምትጀምሩ

ልጆች፣ ይህን ርዕስ ስትመርጡ ሰው ይስቅባችኋል። ይሳቅ። አሜሪካውያኑ የወሲብ ተመራማሪዎች ማስተርስና ጆንሰን በወሲብ ጊዜ የልብ ምትንና አተነፋፈስን ለክተው በ1966 እ.ኤ.አ. መጽሐፋቸውን ሲያወጡም ተስቆባቸዋል፤ ዛሬ ሁሉም ይጠቅሳቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ። ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት መሣሪያው ምን እንደለካ ጠይቁ።

በ2006 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ተመራማሪዎች ሴቶችን በፔት ስካን (ጥቂት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ወደ ደም አስገብቶ የአንጎልን የደም ፍሰት በሚያሳይ መሣሪያ) አጥንተው፣ በኦርጋዝም (በወሲብ እርካታ ጫፍ) ጊዜ ከዓይን በላይ ባለው የአንጎል ክፍል የደም ፍሰት ቀነሰ አሉ። ወሬው ወዲያው «የሴት አንጎል ይጠፋል» ሆነ! በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 10 ሴቶችን በኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን የደም ለውጥ በማግኔት በሚያይ ማሽን) አይቶ እንዲህ ያለ መቀነስ አላገኘም። እንዲያውም ብዙ ቦታ ጨምሮ ነበር።

ማን ልክ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በፔቱ ጥናት አንዱ ምስል የብዙ ሴኮንዶችን የደም ፍሰት ደምሮ ያሳያል፤ ኦርጋዝም ግን ቶሎ ያልፋል። ኤፍኤምአርአይ ይፈጥናል። ሆኖም የሚያየው የደሙን ለውጥ ነው፤ ደሙ ደግሞ ከነርቭ ሴሎቹ አምስት ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ጭንቅላት በጥቂት ሚሊሜትር ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይበላሻል። በዚያ ሰዓት ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ጭንቅላትን አጥብቆ መያዝ የግድ የሚሆነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ሌላ ሥራ ነው። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ኮሚሳሩክና ዊፕል ኅብለ ሰረሰራቸው ሙሉ በሙሉ የተጎዳ ሴቶችን አጠኑ። በመማሪያ መጻሕፍቱ መሠረት ከጉዳቱ በታች ምንም ሊሰማቸው አይገባም ነበር። አንዳንዶቹ ግን ይሰማናል አሉ። ተመራማሪዎቹም አመኗቸው፤ ሲለኩም ስሜቱ በቬገስ ነርቭ (ከአንጎል ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ሆድ ዕቃ በሚወርድ ነርቭ) በኩል፣ ኅብለ ሰረሰርን ሳይነካ ወደ አንጎል እንደሚደርስ የሚያመለክት ነገር አገኙ። ማሽኑ የመጣው ከሴቶቹ ቃል በኋላ ነው። እናንተም ተሳታፊው የሚነግራችሁን ከምስሉ እኩል መዝግቡ።

በሚንጫጫ ማሽን ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ታስሮ፣ ሰው እያየው የሚሳካለት ሁሉም ሰው አይደለም። ስለዚህ ስንቱ እንደጀመረ፣ ስንቱ እንዳቋረጠ፣ ለስንቱ እንዳልተሳካለት ጻፉ። ስለ «ሰው አንጎል» ሳይሆን ስለነዚያ ተሳታፊዎች ተናገሩ። መሄድ ያማረው ደግሞ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ተነስቶ ይሂድ።